ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በአንድ ጤና ጣቢያ የሚሰጠው የሕፃናት ምግብ ሠርቶ ማሳያ

የዚህ ትምህርት ትልቁ ብርታት በወሬ አለማለቁ ነው፤ እናቶች ራሳቸው ያማስላሉ። ገንፎው ማንኪያው ሲዘነበል ወዲያው ከፈሰሰ ቀጥኗል ማለት ነው። የሕፃን ሆድ ትንሽ ስለሆነ በውኃ ይሞላና ልጁ በቂ ምግብ ሳያገኝ ይቀራል።

ዱቄቱ ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ሽምብራ ወይም ባቄላ ነው፤ ጥራጥሬው ታምሶ፣ ተከክቶ ይፈጫል። ገንፎው ሊወጣ ሲል የደቀቀ ጎመን፣ የተፈቀፈቀ ካሮትና የተመታ እንቁላል ይገባል፤ እንቁላሉ ጥሬ እንዳይቀር በደንብ ይማሰላል። መጨረሻ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት። ልጁ 6 ወር ሲሞላው በ2 ወይም 3 የሾርባ ማንኪያ ይጀመርና ቀስ በቀስ ወደ 125 ሚሊ ሊትር ይደርሳል፣ በቀን ከ2 እስከ 3 ጊዜ። ከ9 ወር በኋላ ከ3 እስከ 4። ጡቱ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል።

ጉድለቱ ከባድ ነው። የኮንዶሚኒየም እናቶች ጎህ ሳይቀድ ሰርቪስ ይዘው ወደ መሃል ከተማ ይወጣሉ፤ ለልጁ ትተውት የሚሄዱት አጥሚት ጡጦ ውስጥ ሲሞቅ ይውላል። ተቅማጥ ከዚህ ሊመጣ እየቻለ ትምህርቱ አያነሳውም። ለሞግዚቷ መተው ያለበት የተለካ ዱቄት ነው፤ እሷ በየምግብ ሰዓቱ ትኩስ ታብስል፣ በኩባያና በማንኪያ ታብላ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየውን ትድፋ።