ብረት መጣል በተከለከለበት ጂም ጉልበት ለሰጠችኝ አሰልጣኝ

በሜክሲኮ አደባባይና በሰንጋ ተራ ባሉት ፎቆች ውስጥ ከሥራ በኋላ ብረት የምታነሱ ሰዎች የማወራው ነገር ይገባችኋል። እኔ የምሠራበት ጂም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከሥሩ የጥርስ ክሊኒክ አለ። በሩ ላይ የተለጠፈው ደንብም ረጅም ነው፦ ብረት ወለል ላይ መጣል ክልክል፣ ዴድሊፍት (ብረትን ከወለል አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆም) ክልክል፣ እጅ እንዳያንሸራትት የሚቀባው የእጅ ዱቄት ክልክል፣ ፎቶና ቪዲዮ ክልክል፣ ሰው በሚበዛበት የማታ ሰዓት የስኳት ማቆሚያውን (ብረት ትከሻ ላይ ይዞ ቁጭ ብድግ ለማለት ብረቱ የሚቀመጥበትን) ከ20 ደቂቃ በላይ መያዝ ክልክል። ያነበበው ሰው ቤተ መጻሕፍት የገባ ሊመስለው ይችላል።

ይህን የምጽፈው እዚያ ከሚሠሩት አሰልጣኞች አንዷን ለማመስገን ነው። ከዚህ በፊት የገጠሙኝ አሰልጣኞች ወይ ከደንቡ ጋር ሲነታረኩ ይውላሉ፣ ወይ ተቆጣጣሪው ዘወር ሲል ሰርቀው ያሠራሉ። እሷ ግን ገና ስንጀምር «ጋሼ፣ ከታች አፉን ከፍቶ መርፌ የሚጠብቅ ሰው አለ» አለችኝና ወደ ሥራዋ ገባች። ለእኔ ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ የምስክር ወረቀት ይበልጣል።

ዴድሊፍት የሚጮኸው ብረቱ በእያንዳንዱ ድግግሞሽ ወደ ወለል ስለሚመለስ ነው። እሷ በምትኩ የሮማንያ ዴድሊፍት የሚባለውን ሰጠችኝ። ብረቱን ከማቆሚያው ላይ ቆማችሁ ትቀበሉታላችሁ፣ መቀመጫችሁን ወደ ኋላ እየገፋችሁ ከጉልበት በታች ታወርዱታላችሁ፣ ወለል ሳይነካ ትመልሱታላችሁ። የታፋ ኋላና መቀመጫ በደንብ ይሠራሉ፤ ድምፅ የለም። ሥራ አስኪያጁን አስቀድማ አነጋግራ፣ ወለል እስካልነካ ድረስ እንደሚፈቀድ አረጋግጣ ነው ያስጀመረችኝ። ከጎናችን የነበረ ጎረምሳ «ይህ እኮ ግማሽ ዴድሊፍት ነው» ብሎ ሲያሾፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘው ሮማንያዊው ክብደት አንሺ ኒኩ ቭላድ ይሠራው እንደነበር ነገረችው። ጎረምሳው ወደ መስታወቱ ዞረ።

ቪዲዮ ስለማይፈቀድ ጀርባዬ መጉበጡን የማይበት መንገድ አልነበረኝም። ከጽዳት ክፍሉ የመጥረጊያ እንጨት አምጥታ ጀርባዬ ላይ አጋደመችው። የጭንቅላት ኋላ፣ የላይኛው ጀርባና የጭራ አጥንት ሦስቱም እንጨቱን እንደነኩ ማጎንበስ ነው፤ አንዱ ከተለየ አቋም ተበላሽቷል። ቤት ውስጥም በነጻ የሚሠራ ነገር ነው፤ ወገቡ ለሚያስቸግረው ሁሉ እመክራለሁ።

የጂሙ ትልቁ ዳምቤል (በአንድ እጅ የሚያዝ ክብደት) 25 ኪሎ ነው። ክብደት መጨመር ስለማይቻል የምትጨምረው ጊዜ ነው፦ ለማውረድ 4 ሰከንድ፣ ታች 2 ሰከንድ መቆየት። ወይም አንድ እግር ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጣ በሌላው ብቻ ታሠራለች፤ 25 ኪሎ ያኔ ቀልድ አይደለም። ሐቀኝነቷን የወደድኩትም እዚህ ላይ ነው። ጡንቻ ለመገንባት ቀለል ያለ ክብደትም እስከ መድከም አፋፍ ከተሠራበት ይበቃል፣ ትልቅ ክብደት አንድ ጊዜ ለማንሳት ግን ከባድ ብረት መልመድ ግድ ነው ብላ በግልጽ ትናገራለች። ለውድድር የሚዘጋጅ ሰው ሲመጣ ሌላ ቦታ እንዲፈልግ ስትነግረው ሰምቻለሁ።

እኔ ውድድር የለኝም። ሰፈራችን ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ይመዝናል፣ ጀሪካኑን ሳይጨምር። ይህን ስነግራት በየልምምዱ ማብቂያ በሁለት እጄ ዳምቤል አንጠልጥዬ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የምመላለስበትን ሥራ ጨመረችልኝ። አሁን ሁለት ጀሪካን ይዤ ሦስተኛ ፎቅ ሳላርፍ እወጣለሁ።

የ20 ደቂቃው ደንብ አሁንም አይዋጥልኝም። እሷ ግን ማሟሟቂያውን ዳምቤል ደረት ላይ ይዤ ከማቆሚያው ውጭ ታስጨርሰኛለች፤ ከዚያም ከሌላ ሰው ጋር በተራ ታሠራኛለች፤ እሱ ሲያነሳ እኔ አርፋለሁ። በዱቄቱ ፋንታ ደግሞ እጅ ላይ የሚደርቀውንና የማይበነውን ፈሳሽ ዓይነት አስፈቅዳልናለች።

ጉድለቷን ካልተናገርኩ ማስታወቂያ ይመስላል፤ ከማታው 11 ሰዓት ተኩል በኋላ ቀጠሮዋ አይገኝም። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ይሻላል። እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ስሟንና ስልኳን በአደባባይ አልጽፍም፤ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ፈቅዳልኛለች። በሌላ ጂም ለምትሠሩም ፕሮግራም ታወጣለች። ከመደወላችሁ በፊት የጂማችሁን ደንብ በወረቀት ገልብጣችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው።