በልጅ አፍ ወይስ በስልክ?

አማርኛ የማይችል ስደተኛ በሌሊት ደሴ ውስጥ ድንገተኛ ክፍል ቢደርስ ማን ያስተረጉምለት? አብሮት የመጣ ዘመድ ወይስ በስልክ የሚገኝ ገለልተኛ አስተርጓሚ?

ዘመዱ ፈጣን ነው። ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ የትኛው መድኃኒት እንደማይስማማው ያውቃል። በልየታ (ሕሙማን እንደ አጣዳፊነታቸው ሲለዩ) በጣም አጣዳፊ የሚለውን ቀይ ምልክት የተሰጠው፣ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ፊት ቆሞ ስልክ መነካካትማ ጊዜ ማባከን ነው። እዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ችግሩ ዘመዱ የአሥር ዓመት ልጅ ሲሆን ነው። ትግርኛ ብቻ የምትናገር እናት ሆዷን ይዛ ተኝታለች እንበል። ሐኪሙ «የወር አበባሽ መቼ ነበር የመጣው?» ይላል። ልጁ ወለል ወለሉን ያያል፤ ከዚያ እናቱን «ምን በልተሽ ነው?» ብሎ ይጠይቃታል። ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና በዚህች ቀዳዳ ያመልጣል፤ ቢፈነዳ ደሟ ወደ ሆዷ ይፈስሳል። ባልም ሁልጊዜ አያስተማምንም፤ በስደት መንገድ የደረሰባትን ጥቃት እሱ ባለበት ላትናገር ትችላለች።

ስልኩ ይቆራረጣል፣ ኔትወርክም ይጠፋል። ግን አያፍርም፤ ጥያቄም አይመርጥም።

የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛው የጤና አገልግሎት እንዲያገኝ ይፈቅዳል። እኔ ብሆን ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ዘመዱን፣ ለሕመም ታሪኩና ለቀዶ ሕክምና ፈቃድ ፊርማ ስልኩን እመርጣለሁ። ልጁ ኮሪደር ላይ ጋቢ ለብሶ ትኩስ ሻይ ይጠጣ፤ የደሴ ሌሊት ብርዱ አይጣል ነው።