«ሰረቅኩ» ብዬ ፖሊስ ጣቢያ የሄድኩት እኔ ነኝ

ማድሪድ ያላችሁ ሐበሾች፣ በተለይ አዲስ የገባችሁ፣ አንዲት የስፓኒሽ አስተማሪ ልጠቁማችሁ።

አምና እሁድ ጠዋት ኤል ራስትሮ ገበያ ስዞር ስልኬን ከቦርሳዬ መነተፉኝ። ፖሊስ ጣቢያ ሮጥኩ። ተረኛው ፊት ቆሜ «ኤ ሮባዶ!» አልኩ። ሰውየው ቀና ብሎ አየኝ። «ምን ሰረቅሽ?» አለኝ። ለካ «ሰርቄያለሁ» እያልኩት ነው! ከኋላዬ ወረፋ የያዙት ሳቁ። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ፕሮፌን ያገኘኋት ከዚያ በኋላ ነው። (እዚህ አገር ተማሪ አስተማሪውን እንዲህ ነው የሚጠራው።) ላቫፒየስ ሰፈር ታስተምራለች። ታሪኬን ስነግራት አልሳቀችም። እሺ፣ ትንሽ ሳቀች። ከዚያ ሰሌዳው ላይ «ሜ አን ሮባዶ» ብላ ጻፈችና «ሜ»ን አሰመረችበት። ያኔ በራልኝ። የኛው «ሰረቁኝ» እኮ ነው! ሌባው ማን እንደሆነ ሳናውቅ «ሰረቁኝ» እንል የለ? «ሜ» የኛዋ «ኝ» ናት።

ሦስት ሳምንት የወንጀል ቃል ብቻ ተማርን። ሳይታወቅሽ ከኪስሽ ከወሰዱ «ኡርቶ» ነው። በር ሰብረው ወይም አስፈራርተው ከሆነ «ሮቦ»። መንጭቆ መሮጥ «ቲሮን» ይባላል። ኪስ አውላቂው «ካርተሪስታ»። ልዩነቱ ኪስ ይነካል፦ ብዙ የስልክ ኢንሹራንስ ለሮቦ ከፍሎ ለኡርቶ አይከፍልም። ዕቃው ከ400 ዩሮ በላይ ካወጣ ደግሞ የሌባው ቅጣት ይከብዳል፤ ደረሰኝ አትጣሉ። «ኤስፖሳስ» ሚስቶችም ነው፣ ካቴናም ነው። የክፍላችን ወንዶች በዚህች ቃል ግማሽ ሰዓት አቃጠሉብን።

በጣም የወደድኩት ልምምዱን ነው። እሷ ፖሊስ ትሆናለች፣ እኛ ተበዳይ ሆነን «ዴኑንሲያ» (ለፖሊስ የሚሰጥ የወንጀል አቤቱታ) እናስመዘግባለን። የት? ስንት ሰዓት? ምን ለብሶ ነበር? የስልኩ መለያ ቁጥርስ? (*#06# ደውላችሁ ዛሬውኑ ወረቀት ላይ ጻፉት። ስልኩ ከሄደ በኋላ ከየት ታመጡታላችሁ?) ከተንተባተብን «ቀጣይ!» ብላ ወደ ወረፋው መጨረሻ ትመልሰናለች።

ባለፈው ወር አንዲት እናታችንን ቦርሳቸውን ነጥቀዋቸው አብሬያቸው ጣቢያ ሄድኩ። ፖሊሱ «ኡርቶ?» ብሎ መጻፍ ሲጀምር «አይደለም፣ ቲሮን ነው። ጎትተው ጥለዋቸዋል» አልኩት። ሰርዞ አስተካከለ። እሳቸውማ መንገዱን ሁሉ ሲመርቁኝ መጡ። ምርቃቱ ግን ያንቺ ነው፣ ፕሮፌ። እግዜር ይስጥልኝ።

የምታስተምረው ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ነው። ክፍያዋ አይጎዳም። ቁጥሯን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ።