ጓዝ በምን ይነሳ? ኮንትራት አይሱዙ፣ መላሽ መኪና ወይስ የአውቶቡስ ጣሪያ

የመምህሩም የሌላው ሠራተኛም ዝውውር በአብዛኛው የሚመጣው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። የጎጃም ሰማይ የሚቀደደውም ያኔ ነው። ስለዚህ እዚህ አገር ጓዝ የሚያነሳ ሰው ባለመኪናውን «ስንት ትጠይቃለህ?» ከማለቱ በፊት «ሸራህን እስቲ አሳየኝ» ቢል ይሻለዋል። እኔ ይህን የተማርኩት በፍራሽ ነው። ታሪኩን ዝቅ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ከከተማ ወደ ከተማ ለሚሄድ ጓዝ ያለው ምርጫ ሦስት ነው፦ ሙሉውን መኪና በኮንትራት መያዝ፣ ጭነቱን አራግፎ በሚመለስ፣ «መላሽ» በሚባለው መኪና ላይ መጫን፣ ወይም ዕቃን ቀንሶ በአውቶቡስ ጣሪያ መሄድ።

ከሦስቱ ውዱ ኮንትራት ነው። ትንሹ አይሱዙ የሁለት ክፍል ቤት ጓዝ በአንድ ጉዞ ይወስዳል። ክፍያው የሚበዛው ለመኪናው ብቻ ስላልሆነ ነው፤ ሰዓቱንም ትገዛላችሁ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ጀምሮ ረፋዱ ላይ ጭኖ የተነሳ መኪና፣ ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር ያለውን 265 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በብርሃን ይጨርሳል። በሶፋው ላይ የማንም ጆንያ አይወጣበትም፤ ከቤተሰቡም አንድ ወይም ሁለት ሰው ጋቢና ውስጥ ሆኖ ዕቃውን ይከተላል። መንገድ በድንገት የሚዘጋበት ቀን ስላለ ግን፣ መኪናው መንገድ ላይ ቢያድር ለአዳሩ ስንት እንደሚታሰብ ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ብዙ ሰው ይህን የሚያነሳው ካደረ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ዋጋውን የሚቆርጠው ሾፌሩ ብቻ ነው።

የመላሽ መኪና ዋጋ ወቅትን ይከተላል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት በቆሎውና ጤፉ ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከደጀን አካባቢ ወደ አዲስ አበባ ይጫናል፤ እህል ሊያነሳ ወደ ጎጃም የሚመጣ መኪና ደግሞ ባዶውን ከሚመጣ የእናንተን አልጋ ቢይዝ ይመርጣል። በእነዚህ ወራት ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የምትመጡ ከሆነ ተከራከሩ፤ ሜዳው የእናንተ ነው። ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ የምትሄዱ ከሆነ ግን ከእህል ነጋዴ ጋር እየተጫረታችሁ መሆኑን አትርሱ። በዚህ መስመር የዓባይ በረሃም አለ። ከደጀን ወደ ሕዳሴ ድልድይ ሲወረድ ያልታሰረ ዕቃ ሁሉ ወደ ጋቢናው ይንሸራተታል፤ ቁልቁለቱ አልቆ ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ ደግሞ ወደ ኋላ ይመለሳል። ከባዱ ዕቃ ከጋቢናው ጀርባ ተጠግቶ ይጫን፤ በገመድም እዚያው ይጠፈር።

እንግዲህ ፍራሼ። መጀመሪያ ከማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ስዛወር በደላላ በኩል መላሽ መኪና ያዝኩ፤ ነሐሴ ነበር። ጠዋት ይመጣል የተባለው መኪና ምሽት 2 ሰዓት ላይ መጣ። የአንድ የማላውቀው ሰው የሽንኩርት ጆንያ ቀድሞ ተጭኖበታል፤ የእኔ ጓዝ ከላይ ተደረበ። መንገዱ የሚያልፍባት የአዊዋ እንጅባራ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የክረምት ዝናቧን አዊን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሸራው መሐሉ ላይ ጡጫ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ነበረው። ከቀዳዳው ሥር የተኛው ደግሞ የጥጥ ፍራሼ ነው። ባሕር ዳር ስንደርስ ፍራሹ ውኃ ጠጥቶ ለሁለት ሰው አልነሳ አለ፤ ቤቱም ሳምንት ሙሉ ሽንኩርት ሸተተ። በኪራዩ ያተረፍኩት ገንዘብ አዲስ ፍራሽ አልገዛልኝም። ያም ሆኖ ጥር ላይ የአንድ ክፍል ጓዝ ቢኖረኝ ዛሬም መላሽ እይዛለሁ። ጥፋቴ ክረምቱን መርሳቴና ሸራውን ገልጬ አለማየቴ ነበር።

አውቶቡሱ የላጤ ነው። አልጋና ቁም ሳጥን ሸጦ፣ ልብሱን በማዳበሪያ፣ መጽሐፉን በካርቶን አድርጎ ጣሪያ ላይ ያስጭናል። ይህ የሚያዋጣው ዕቃው ምን እንደሆነ ሲታወቅ ነው። የቺፑድ ቁም ሳጥን ተፈቶ ሲገጠም ብሎኑ የሚነክስበት ቦታ ይፈረፈራል፤ ሁለተኛ ጉዞ አይችልም፤ ስለዚህ ሽጡት። የዋንዛ ቡፌ ካላችሁ ግን አውቶቡሱን እርሱት። ዋንዛ እንኳን አንድ ጉዞ፣ ሦስት የልጅ ልጅ ይችላል፤ በሸጣችሁበት ዋጋም መልሳችሁ አታገኙትም።

በአንድ ከተማ ውስጥ ለሚደረግ ለውጥ ነገሩ ቀላል ነው። እንደ ቡሬና ዳንግላ ባለ ሜዳማ ከተማ የፈረስ ጋሪ ከፒክአፕ ይረክሳል፣ ቀስ ብሎም ስለሚሄድ ዕቃ አይሰብርም። ደብረ ማርቆስ ላይ ዳገት ካለ ግን ለፈረሱም እዘኑለት። ፒክአፕ የሚችለው አሥር ኩንታል ገደማ ነው፤ ቦታው ግን ከክብደቱ ቀድሞ ስለሚሞላ ሁለትና ሦስት ምልልስ አስቡ። ባጃጅ ለመስታወትና ለቴሌቪዥን ጥሩ ነው፤ ሰው አቅፎት ይቀመጣል።

መኪናው ምንም ይሁን ምን፣ ሰው በጀቱን የሚስተው በጫኝና አውራጅ ላይ ነው። የሾፌሩ ዋጋ እነሱን አይጨምርም። የመነሻው ሰፈር የራሱ ጫኞች አሉት፣ የመድረሻውም የራሱ። እኔ ማታ ስደርስ አራት ወጣቶች በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ጋሼ፣ ይህ የእኛ ሰፈር ነው። ሌላ ሰው አያወርድም።»

«እሺ ልጆቼ፣ ስንት ነው?»

የጠሩት ዋጋ ማርቆስ ላይ ካስጫንኩበት እጥፍ ነበር። ጨለማ ነው፣ ያካፋል፣ ሾፌሩ ሞተሩን አላጠፋም፤ ምን ብዬ ልከራከር? ቀን ቢሆን አከራዬን እጠራ ነበር። አሁን ከመነሳቴ በፊት አከራዩን ወይም እዚያ ያለ ዘመድ ልኬ የማውረጃውን ዋጋ አስቆርጣለሁ። ኮንትራት መኪና በብርሃን ማድረሱ የሚከፍለውም እዚህ ጋ ነው።

መሥሪያ ቤታችሁ የጓዝ ማንሻ የሚከፍል ከሆነ ደግሞ ምን ዓይነት ማስረጃ እንደሚቀበል ሒሳብ ክፍሉን ቀድማችሁ ጠይቁ። በደላላ የተያዘ መላሽ መኪና ደረሰኝ ሲሰጥ አላየሁም። ርካሽ መስሎ የታየው ኪራይ ይህ ሲታሰብ ብዙ ጊዜ ውድ ይሆናል። የቀበሌ መሸኛና የልጆች የትምህርት ቤት መልቀቂያም ከጓዙ ጋር ካርቶን ውስጥ አይግባ፤ ኪስ ውስጥ ይሁን።

ስለ ማሸጊያ ብዙ አልልም። የሳሙና ካርቶን ጠንካራ ነው፤ ሽሮና በርበሬ ከገባበት ግን ወጡ ኦሞ ኦሞ ይላል። የአልጋውን ብሎን በካልሲ ቋጥራችሁ እዚያው እግሩ ላይ እሰሩት። ፍሪጅ ቆሞ ይሂድ፤ በግድ ከተኛም ከደረሰ በኋላ ቢያንስ አራት ሰዓት ቆሞ ሳይቆይ አይሰካ፤ ዘይቱ ወደ ኮምፕረሰሩ መመለስ አለበት።

ምጣድ ግን በየትኛውም መኪና ላይ አይጫንም። ለሠርግ እንኳ የተጋገረበት፣ አሟሽቶ ለማልመድ ወራት የፈጀ ምጣድ በአንድ የመንገድ ጉድጓድ ለሁለት ይሰነጠቃል። በሁለተኛው ጉዞ፣ በኮንትራቱ፣ ባለቤቴ ምጣዷን በጋቢ ጠቅልላ ጋቢና ውስጥ በጉልበቷ መካከል በጎን አቁማ ይዛት ሄደች። ቡሬ ላይ ለምሳ ስንወርድ «እኔ አልወርድም፣ እዚሁ አምጡልኝ» አለችን።