ፍቅርና ሰይፍ በአንድ ጌም፦ ቦይፍሬንድ ዳንጀን ከወራት በኋላ

ቦይፍሬንድ ዳንጀንን ኔንቲዶ ስዊች በተባለው የጌም መጫወቻ ላይ መጫወት ከጀመርኩ ወራት አልፈዋል። አጭር ጌም ነው፤ ጊዜ ያለው ሰው ዋናውን ታሪክ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ይዘልቀዋል። አንዴ ጨርሶ ፍርድ መስጠትም ይቻላል። እኔ ግን ከጨረስኩ በኋላም እየተመለስኩበት፣ መሣሪያ እየቀያየርኩ፣ ያልመረጥኳቸውን መልሶች እየመረጥኩ ቆይቻለሁ። በመጀመሪያው ዙር ያልታየኝ ብዙ ነገር የታየኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ጌሙን የሠራው በካናዳ፣ ሞንትሪያል የሚገኘው ኪትፎክስ ጌምስ የተባለ አነስተኛ ስቱዲዮ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. በኪክስታርተር ከደጋፊዎች ገንዘብ አሰባሰበ፤ ነሐሴ 2021 ላይ ለፒሲ፣ ለስዊችና ለኤክስቦክስ ወጣ። ከዓመት በኋላ ለፕሌይስቴሽን 5 ሲመጣ «ሲክሬት ዌፐንስ» የተባለው ጭማሪ አዳዲስ ገጸ ባሕርያት ይዞለት መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቬሮና ቢች ወደምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ለክረምቱ ትመጣላችሁ፤ ማረፊያችሁ ጄሲ የተባለ ዘመዳችሁ ቤት ነው። ከተማዋ ውስጥ ወደ መሣሪያነት የሚለወጡ ሰዎች አሉ። አይዛክ ረጅምና ቀጭን ሰይፍ ነው፤ ሠዓሊዋ ቫለሪያ ጩቤ ናት፤ የምሽት ክበብ ያለው ሰንደር ደግሞ ታልዋር የሚባለው ቆልማማ የሕንድ ሰይፍ ነው። ሶየር የተባለው ወጣት ተማሪ ባለረጅም እጀታ ስለት ነው፤ ኮሪያዊው የፖፕ ኮከብ ሰቨን የሌዘር ሰይፍ ነው፤ ሮዋን ትልቅ ማጭድ ነው። ፖኬት ድመት ናት፤ ስትለወጥ ጣት ላይ የሚጠለቅ የብረት ቡጢ ትሆናለች። ከአንዱ ጋር ወደ ዳንጀኑ፣ ማለትም ጠላት ወደሞላበት የውጊያ ስፍራ፣ ትወርዳላችሁ፤ አብራችሁ ትዋጋላችሁ፤ ስትወጡ በስልክ ትጻጻፉና ቀጠሮ ትይዛላችሁ።

የፍቅር ጓደኝነት ጨዋታንና የውጊያ አርፒጂን (ገጸ ባሕርይን እያሳደጉ የሚጫወቱትን ጌም) ማቀላቀል አዲስ ሐሳብ አይደለም። በ2006 የወጣው ፐርሶና 3 ከትምህርት ቤት ጓደኞች ጋር የሚያሳልፉትን ጊዜ ከውጊያ አቅም ጋር አስተሳስሮ ነበር። በ2020 የወጣው ሀዴስም ለምትወዱት ገጸ ባሕርይ ኔክታር የተባለውን መጠጥ ስትሰጡ ውጊያ ላይ የሚያግዛችሁ የማስታወሻ ዕቃ ይሰጣችኋል። በሁለቱም ግን ግንኙነቱና ውጊያው ሁለት ክፍል ናቸው፤ በመካከላቸው በር አለ፤ በበሩ የሚያልፈው ስጦታና ነጥብ ብቻ ነው። ቦይፍሬንድ ዳንጀን ላይ ያ በር የለም። የምትወዱት ሰው እጃችሁ ላይ ያለው ሰይፍ ራሱ ነው። ሁለቱ እንደ ሰርገኛ ጤፍ ተቀላቅለዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። በአንድ መሣሪያ በተዋጋችሁ ቁጥር የቅርበት መለኪያው ይሞላል። ሲሞላ ያ ሰው ሊያገኛችሁ ይፈልጋል፤ ካፌ ወይም ባሕር ዳር ትገናኛላችሁ። ከቀጠሮው ስትመለሱ መሣሪያው አዲስ ችሎታ ይዟል። ስለዚህ ውጊያው ወደ ወሬ ይገፋችኋል፤ ወሬውም ወደ ውጊያ ይመልሳችኋል። በብዙ ጌሞች የገጸ ባሕርያትን ንግግር ቶሎ ቶሎ እየተጫንኩ ነው የማልፈው። እዚህ ግን አላለፍኩም፤ የምሰማው ሰው ነገ እጄ ላይ ስለሚሆን።

ቫለሪያን ልውሰድ። ጩቤ ስለሆነች ከጠላት ሥር ካልገባችሁ አትደርስም። ከአይዛክ ጋር ርቀት ጠብቆ መውጋት የለመደ እጅ መጀመሪያ ላይ ደጋግሞ ምት ይቀምሳል። መጠጋት፣ ቶሎ ቶሎ መምታት፣ ተንከባልሎ ማምለጥ፣ እንደገና መጠጋት አለባችሁ። ቀጠሮ ላይ ስትቀመጡ የምታገኟት ሴትም እንደዚያው ናት፤ ትቀርባለች፣ ትሸሻለች፣ አንድ ቦታ አትረጋም። ይህን ጌሙ በቃል አይነግራችሁም። አውራ ጣታችሁ ነው ቀድሞ የሚያውቀው። የጌሙን ትልቁን ጥበብ ያየሁት እዚህ ጋ ነው፤ የሰውን ጠባይ በመሣሪያ ክብደትና ፍጥነት መጻፍ ትልልቅ ስቱዲዮዎችም ብዙ ጊዜ አይሳካላቸውም።

ሌላው የማደንቀው የእምቢታ አያያዙን ነው። አንዱን መሣሪያ ለፍቅር ባትፈልጉት ጓደኛ ብቻ ሆናችሁ መቀጠል ትችላላችሁ፤ ሰይፉ አይደንዝም፣ ችሎታ አይቀነስባችሁም። ከፖኬት ጋርማ ከመጀመሪያውም ጓደኝነት ብቻ ነው። በፍቅር ጨዋታዎች ዘንድ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ብዙዎቹ «ወደድኩህ» ማለትን እንደ ሽልማት፣ «ጓደኛ እንሁን» ማለትን እንደ ሽንፈት ነው የሚቆጥሩት።

ኤሪክ የመጣውም በዚሁ ጉዳይ ነው።

ኤሪክ መሣሪያ አይደለም። ገና በጅምሩ የምታገኙት ሰው ነው፤ ከዚያ አይላቀቃችሁም። ከዳንጀን ወጥታችሁ ስልኩን ስትከፍቱ ከአይዛክ መልዕክት አለ፣ ከእናታችሁ የሚያበረታታ ቃል አለ፣ ከዚያ ደግሞ ኤሪክ። አልፈልግም ብትሉት ያው፣ ዝም ብትሉት ያው። አልሰማ ባይ ነው። የሚረብሸው ደግሞ መልዕክቱ በዚያው በምትወዱት ስልክ፣ በዚያው ድምፅ መምጣቱ ነው። ቆይቼ ሳየው ስልኩ ሲጮህ ጣቴ ከመክፈቱ በፊት ትንሽ የሚቆም ሆኗል።

ጌሙ ሲወጣ ትልቁ ክርክር የተነሳው በዚህ ሰው ነው። መግቢያው ላይ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ነገሩን በለስላሳ ቃል አልፎት ስለነበር፣ በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ክትትል የደረሰባቸው ተጫዋቾች ሳይዘጋጁ ገቡበት። ስቱዲዮው ማስጠንቀቂያውን አሻሽሎ ጻፈው። አንዳንዶች ኤሪክ ጨርሶ ይውጣ አሉ፤ የድምፅ ተዋናዩን የሚያዋክቡም ነበሩና ስቱዲዮው ተዋናዩን ተዉት ብሎ መማጸን ነበረበት።

እኔ ኤሪክ መውጣት የለበትም ባይ ነኝ። የምታናግሩት ሁሉ የሚጥምበት የፍቅር ጨዋታ ውሸት ነው፤ ፍቅርን የሚፈልግ ሰው ያልፈለገው ሰውም ይመጣበታል። ኤሪክ ባይኖር የሌሎቹ ጨዋነት አይታይም ነበር። ቅሬታ ያቀረቡትም ግን እውነት አላቸው። ጌሙ ሲጀመር የእናታችሁን መልዕክት ማጥፋት ትችላላችሁ፤ ይህ ከእናቱ ጋር ቁስል ላለበት ሰው የታሰበ ደግ ምርጫ ነው። የኤሪክን ግን ማጥፋት አትችሉም። የአንዱን ቁስል አይቶ የሌላውን ያላየ ንድፍ ነው። ታሪኩን ሳይነኩ መልዕክቶቹን የሚያሳጥር አንድ ምርጫ ቢጨመር ብዙ ሰው እስከ መጨረሻው ይጫወተው ነበር።

ወደ ውጊያው ልመለስ፤ ወራት ሲያልፉ የሚሳሳው እሱ ነውና። የምትገቡባቸው ስፍራዎች ጥቂት ናቸው፤ የመጀመሪያው የገበያ ማዕከል ነው፣ ቀጥሎ የምሽት ክበብ ይመጣል። ክፍሎቹ በገባችሁ ቁጥር በሌላ ቅደም ተከተል ይደረደራሉ፤ ክፍሎቹ ራሳቸው ግን ቶሎ ይለመዳሉ። ጠላቶቹ የዋናው ገጸ ባሕርይ ፍርሃቶች ናቸው፤ የሚዘሉ ስልኮችና የቪዲዮ ካሴቶች ይመጡባችኋል። ሐሳቡ ያምራል፤ ስልክን የሚፈራን ሰው ስልክ ሲዋጋው ማየት ለታሪኩም ይስማማል። ነገር ግን አመታታቸው አይለያይም። ቀላል ምት፣ ከባድ ምት፣ መንከባለል፤ ሦስቱን ያወቀ እጅ ከዚያ ወዲያ የሚማረው ትንሽ ነው። ዚን የሚባሉት ትንንሽ መጽሔቶች ልዩ ኃይል እየሰጡ ያግዛሉ እንጂ ይህን አይለውጡም።

ሀዴስን ለዓመታት የሚያጫውተው እያንዳንዱ ሙከራ የተለየ መሆኑ ነው። እዚህ አሥረኛው መውረድ ከአምስተኛው ጋር አንድ ነው። ሁሉንም መሣሪያ እስከ ጥግ ለማድረስ ስሞክር መጨረሻ አካባቢ የምወርደው መለኪያውን ለመሙላት ብቻ ሆነ። ያኔ ቅድም ያመሰገንኩት ቅብብል ይላላል። ፍቅር በድካም የሚገዛ ነጥብ ይመስላል፤ ጌሙ ስለ ሰዎች የሚለው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ለዚህ መፍትሔው አለመቸኮል ነው ብዬ አምናለሁ። በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ እየገባሁ፣ አንድ ቀጠሮ እያደረግሁ ስወጣ ደስታው ተመልሶልኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ጎድሏል። ከሁሉም ጋር በአንድ ጊዜ ብትቀራረቡ የሚጠይቃችሁ የለም ማለት ይቻላል። ቅናት እንዲጨመር አልፈልግም። ግን መምረጥ ምንም ካላስከፈለ ምርጫው ቀለል ይላል፤ በሁለተኛው ዙር ከቫለሪያ ጋር ብቻ ልቆይ ብዬ ራሴ ሕግ ሳወጣ ነው ታሪኩ ክብደት ያገኘልኝ።

ሊገዙት ለሚያስቡ ጥቂት ነገር ልጨምር። ዋጋው 20 ዶላር ገደማ ነው። አገር ቤት ያላችሁ እንደምታውቁት የጌም መደብሮች በብር አይሸጡም፤ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ወይም ከውጭ የሚልክላችሁ ሰው ያስፈልጋል። አንዴ ከወረደ በኋላ ግን ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ለብቻ የሚጫወቱት ነው። በድምፅ የሚሰማው ንግግር እንግሊዝኛ ነው፤ የወጣቶች አነጋገርም ስለሚበዛበት ማንበብ የማይወድ ሰው ግማሹን ጌም ያጣዋል። ለፍቅር የቀረበ ማንኛውም ገጸ ባሕርይ ከማንኛውም ጾታ ተጫዋች ጋር መፋቀር ይችላል፤ የምትጠሩበትን ተውላጠ ስምም ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። የሚጫወተው ልጅ ከሆነ ወላጅ ይህንንም የኤሪክንም ታሪክ አስቀድሞ ቢያውቀው ይሻላል።

ውጊያ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ሀዴስን ነው የምመክረው። ቦይፍሬንድ ዳንጀንን የምመክረው ገጸ ባሕርይ ለሚወድ ሰው ነው፤ ከአይዛክ ጀምሩ፣ ቫለሪያን ስታገኙ ደግሞ እጃችሁ እስኪለምዳት ድረስ አትተዋት።