ከእንጀራዬ ጋር የምውጠው ሴቬላመር፦ ከአሥር ወር በኋላ

አንዱን እንክብል ግማሽ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጥዬ ቡና ቆላሁ። ስመለስ ቅርጹን አጥቶ፣ አብጦ፣ እንደ ተዘፈዘፈ ተልባ ተዝለግልጓል። ዶክተር «እንዳያኝኩት፣ እንዳይሰባብሩት፣ እንዳለ ይዋጡት» ያሉኝ ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ይህ ነገር አፍ ውስጥ ወይም ጉሮሮ ላይ ቢያብጥ ያንቃል።

መድኃኒቱ ሴቬላመር ካርቦኔት ይባላል፤ የእኔው ባለ 800 ሚሊ ግራም ነው። ሬንቬላ በሚል ስም አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኔ የምገዛው ግን ሌላ አምራች ያወጣውን ተመሳሳዩን ነው። ወደ ደም አይገባም። አንጀት ውስጥ ሆኖ ከምግቡ የሚወጣውን ፎስፈረስ ይይዝና አብሮት ይወጣል። ሥራው ይኸው ነው፤ በአጥንቴ ላይ ካየሁት በኋላ ግን ትንሽ ሥራ ነው ለማለት አልደፍርም።

ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ። የኩላሊት እጥበት ከጀመርሁ አራተኛ ዓመቴ ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አራት ሰዓት። ለእጥበት የተሠራልኝ ፊስቱላ፣ ማለትም መርፌው የሚገባበት የተገጣጠመ የደም ሥር፣ ግራ ክንዴ ላይ ስለሆነ በዚያ እጅ ከባድ ዕቃ አላነሳም፤ የደም ግፊትም በዚያ በኩል አልለካም። እንጀራዬ ያለው በቀኝ እጄ ነው። አምና ነሐሴ ዝናብ ያረጠበው ደረጃ አንሸራተተኝና የተደገፍሁት በእሱው ነበር። የእጄ አንጓ ተሰበረ።

ስድስት ሳምንት በጄሶ ቆየሁ። ጄሶው ሲፈታ ራጁ ላይ የስብራቱ መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል። እንደገና ታሰረ። ሁለት ወር ተኩል ሲሞላም ያው ነው። የጎረቤቶቼ ምክር አንድ ነበር፤ ወጌሻ ዘንድ ሂጂ። ወጌሻን አልንቅም፤ አባቴን ከወደቀበት ያነሣው ወጌሻ ነው። የእኔ አጥንት ግን በሚገባ ተገጥሟል፤ የጎደለው የሚያያይዘው ነገር ነው። የተገጠመውን መልሶ ማሸት ምን ይጠቅመኛል? አንዲት ዘመዴም ለራሷ የታዘዘላትን አሌንድሮኔት አካፍላኝ ነበር። አጥንት ያጠነክራል ብላ፣ በቅን ልብ። ዶክተር ሲያዩት ደነገጡ። ያ መድኃኒት የሚወገደው በኩላሊት ነው፤ ኩላሊቱ የማጣራት አቅሙ በደቂቃ ከ35 ሚሊ ሊትር በታች ለወረደ ሰው አይመከርም። የእኔ ደግሞ ከዚያ እጅግ በታች ነው።

በፊት እታጠብበት የነበረው ማዕከል ሦስት ዓመት ሙሉ ፎስፈረስ እንዲይዝልኝ ካልሲየም ካርቦኔት ሲሰጠኝ፣ ካልሲየምን የሚቆጣጠረውን የፓራታይሮይድ ሆርሞኔን አንድ ጊዜ እንኳን አላስመረመረም። ይህን ስጽፍ አሁንም ያንገበግበኛል። ማዕከል ቀይሬ ስመረመር ፎስፈረሴ 7.8 ወጣ፤ ጤናማው ከ2.5 እስከ 4.5 ነው። ካልሲየሜ 10.6፣ ሆርሞኑ ደግሞ ከ1,100 በላይ።

አዲሲቱ ሲስተር ማሽኑ እየሠራ፣ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ነገሩን አስረዳችኝ። ኩላሊት ሲደክም ፎስፈረስ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ቫይታሚን ዲን ለሥራ የሚያዘጋጀውም ኩላሊት ስለሆነ ካልሲየም ከምግብ በደንብ አይወሰድም። ያን ጊዜ አንገት ላይ፣ ከታይሮይድ ጀርባ ያሉት አራት ትናንሽ ዕጢዎች ሆርሞናቸውን ያበዛሉ፤ ሆርሞኑም ካልሲየሙን ከአጥንት ይመዝዛል። የተሰበረ አጥንት ሲጠገን በስብራቱ ዙሪያ መጀመሪያ ለስላሳ ጥገና ይበቅላል፤ ሐኪሞች ካለስ ይሉታል። ያ ለስላሳ ነገር የሚጠነክረው ካልሲየምና ፎስፈረስ በልኩ ሲገቡበት ነው። በእኔ ሰውነት ግን አንዱ እጅ ሲለጥፍ ሌላው ይፍቃል። ኩላሊታቸው በተጎዳ አይጦች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም የስብራት ጥገናው ደካማ እንደሚሆን አሳይተዋል። «ጥልፉን ከጀርባ በኩል የሚተረትርብሽ ሰው አለ» ብላ ጨረሰችልኝ። ሥራዬን ታውቃለች፤ ለሰርጓ ቀሚሷን የሰፋሁላት እኔ ነኝ።

ካልሲየሜ ከፍ ስላለ ካልሲየም ካርቦኔቱ ተቋረጠ። ኪዲጎ የሚባለው ዓለም አቀፍ የኩላሊት ሕክምና መመሪያ አውጪም በ2017 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው መመሪያ ካልሲየም ያለባቸው የፎስፈረስ መያዣዎች መጠናቸው እንዲገደብ መክሯል። በምትኩ ሴቬላመር፣ በየምግቡ ሁለት ሁለት እንክብል ታዘዘልኝ። ሆርሞኑን ለመቀነስ ደግሞ ሲናካልሴት የሚባል መድኃኒት ተጨመረ፤ እሱን እህቴ ከዱባይ ትልክልኛለች።

አወሳሰዱ እንዲህ ነው። ያለ ምግብ ከተዋጠ የሚይዘው ፎስፈረስ ስለሌለ ገንዘብ መጣል ነው። እኔ የመጀመሪያው ጉርሻ ላይ አንዱን፣ መሐል ላይ ሁለተኛውን እውጣለሁ። እንክብሉ ትልቅ ነው፤ የእጥበት ሰው ደግሞ ውኃ የሚጠጣው በልክ ነው። ስለዚህ የቀኑን ውኃዬን ጠዋት በአንድ ጠርሙስ ለክቼ አስቀምጥና ለእንክብል የሚሆነውን ከዚያው እቆጥባለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት የሆድ ድርቀቱ አሠቃይቶኛል። ለሐኪሜ ነግሬ ማለስለሻ ታዘዘልኝ፤ እናንተም አትፈሩ፣ ንገሩ። ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባል አንቲባዮቲክ በታዘዘልኝ ጊዜም ፋርማሲስቷ አስጠነቀቀችኝ፤ አብረው ከተወሰዱ ሴቬላመሩ ይይዘውና አንቲባዮቲኩ አቅም ያጣል። ሲፕሮው ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወይም ስድስት ሰዓት ዘግይቶ መወሰድ አለበት።

ጾምን ለሚጠይቁኝ፦ የንስሐ አባቴ ለሕመሜ ፈቃድ ሰጥተውኛል፤ ቢሆንም በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የቆየሁባቸው ቀናት ነበሩ። በእነዚያ ቀናት ምግቤ ሁለት ጊዜ ስለሚሆን እንክብሉም አራት ይሆናል፤ ስድስት ለመሙላት ብዬ በባዶ ሆድ አልውጥም። ይህንንም ለሐኪሜ አሳውቄ ነው ያደረግሁት። የሽሮና የምስር ፎስፈረስ ሰውነት የሚወስደው በከፊል ነው፤ ፖታሲየማቸው ግን ያሳስባልና መጠኑን ጠይቁ። ፋብሪካ ያቀነባበረው ምግብና ጥቁሩ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ የተጨመረው ፎስፈረስ ግን ሁሉም ለማለት በሚቻል ደረጃ ይገባል። ደንበኛ በመጣ ቁጥር አብሬ አንድ ጠርሙስ ኮካ እከፍት ነበር። ትቼዋለሁ።

ዋጋው ይከብዳል። በወር 180 እንክብል እፈልጋለሁ፤ ይህም የሦስት ቀሚስ የእጅ ዋጋዬን ይበላል። ለዚህ ነው ሙሉ ነጥብ የማልሰጠው። ከካልሲየሙ ጋር ዋጋቸው አይወዳደርም፤ አቅም የሌለው ታማሚ ይህን በየወሩ ከየት ያመጣል? አቅርቦቱም ይቆራረጣል። አንድ መድኃኒት ቤት እሽጉ የተከፈተ ጠርሙስ ሰጥቶኝ ነበር፤ መለስሁት። እርጥበት የሚስብ መድኃኒት ስለሆነ ክዳኑ ሥር ያለው እሽግ ሳይነካ ካልሆነ አትቀበሉ።

በአራተኛው ወር ፎስፈረሴ 5.2 ገባ፤ ሆርሞኑ ወደ 480 ወረደ። በአምስተኛው ወር ራጁ ላይ በስብራቱ ዙሪያ ነጭ ጥላ ታየ። ዶክተር በእስክርቢቷቸው ጫፍ ዙሪያውን ሲያሳዩኝ አለቀስሁ። አጥንቴን ሴቬላመር ብቻውን ጠገነው አልልም፤ ሲናካልሴቱም፣ ኮካውን መተዌም፣ ሰዓት ሳላጎድል መታጠቤም አለበት። አሁን የቀሚስ ጥለት እገጥማለሁ፤ ወፍራም ጋቢ መዘምዘም ግን ገና አልቻልሁም፤ ሲመሽ አንጓዬ ይጠዘጥዘኛል።

አጠገቤ የሚታጠቡት ጋሼ ይህን ሁሉ ሰምተው እሳቸውም እንዲቀየርላቸው ጠይቀው ነበር። ሲመረመሩ የእሳቸው ካልሲየም ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በዚያው በርካሹ ካልሲየም ካርቦኔት ቀጥለዋል፤ ባለፈው ወር ፎስፈረሳቸው ከእኔም የተሻለ ነበር።