ኤምዲኤን ላይ ዶክመንቴሽን መጻፍ ለጀማሪ ይሆናል ወይ? የኔ ሪቪው

ሰላም ለሁላችሁ፣ ስለ ኤምዲኤን ልጽፍላችሁ ነው። የዌብ ገጽ መስሪያ ቋንቋዎች ማብራሪያ የሚገኝበትን ድረገጹንማ ኤችቲኤምኤል (የዌብ ገጽ የሚጻፍበት ኮድ) የነካ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ እኔ የምለው እዛ ገብቶ ዶክመንቴሽን (ማብራሪያ ጽሁፍ) መጻፍና ማስተካከል ገና ለሚማር ሰው ምን ይመስላል የሚለውን ነው። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ፣ አንዷን ለምን እንደቀነስኩ ወደታች አለላችሁ።

ብዙ ልጆች ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮጀክት) ላይ መሳተፍ ይፈልጉና "ኮዴ ገና ነው፣ ትንሽ ልልመድ" ብለው ይተዉታል፣ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ጊትሃብ (እንደዚህ ዓይነት ፕሮጀክቶች የሚቀመጡበት ድረገጽ) በፈረንጅ 2017 ባደረገው የኦፕን ሶርስ ሰርቬይ ከመላሾቹ 93 ፐርሰንቱ ያልተሟላ ወይ ያረጀ ዶክመንቴሽን እንደሚያጋጥማቸው ተናግረዋል፣ ከሚሳተፉት ደግሞ 60 ፐርሰንቱ ዶክመንቴሽን ላይ ከስንት አንዴ ቢሰሩ ነው ወይም ጭራሽ አይነኩትም። ቦታው ክፍት ነው ማለት ነው። ደሞ አስር አመት ኮድ የጻፈ ሰው ጀማሪ የት ጋ እንደሚደናቀፍ ረስቶታል፣ ድንጋዩን የሚያውቀው ትናንት የመታው ሰው ነው።

የኔ ነገር የጀመረው ቅዳሜ ቅዳሜ ከማስጠናቸው ልጆች ነው። አንዷ ተማሪ ፎርም እየሰራች ሌብሉን (ከሳጥኑ አጠገብ ያለውን ጽሁፍ) ስትጫነው ከርሰሩ ሳጥኑ ውስጥ አይገባላትም፣ ኮዱን ደጋግማ ታየዋለች ምንም ስህተት የለውም፣ ኢረር የሚል ነገርም አይመጣም፣ ብቻ አይሰራም። ሃያ ደቂቃ ከፈጀብን በኋላ ሳየው ለካ ሌብሉ ላይ ፎር (for) በሚለው ውስጥ ያስገባችው የኢንፑቱን (የመጻፊያ ሳጥኑን) ኔም ነው፣ መሆን ያለበት ግን አይዲው ነበር። ኔም ዳታው ወደ ሰርቨር ሲላክ የሚጠራበት ነው፣ አይዲ ደግሞ ገጹ ላይ ያንን ሳጥን ከሌላው የሚለየው ነው፣ ሌብል የሚፈልገው አይዲውን ነው። ለሚያውቅ ሰው ምንም አይደለም፣ ለሷ ግን ሁለቱም "ስም" ናቸው። በሳምንቱ ሌላ ልጅ እዛው ቦታ ላይ ያዘው። በቃ ይሄንን ኤምዲኤን ላይ ልጻፈው አልኩ።

አሰራሩ እንዲህ ነው። ኤምዲኤን በፈረንጅ 2005 ሞዚላ (ፋየርፎክስ ብራውዘርን የሚሰራው) የጀመረው ነው፣ ድሮ እንደ ዊኪ ነበር የሚስተካከለው፣ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ግን ጽሁፉ በሙሉ ጊትሃብ ላይ ነው። ማንኛውንም ገጽ ከፍታችሁ ወደታች ስትወርዱ ወደ ጊትሃብ የሚወስድ ሊንክ አለ፣ እሱን ተጭናችሁ የእርሳሷን ምልክት ስትነኩ ጊትሃብ ራሱ ፎርክ ያደርግላችኋል (የራሳችሁን ኮፒ ይሰራላችኋል)፣ ገጹ በማርክዳውን (በቀላል ምልክቶች በሚጻፍ ጽሁፍ) ስለሆነ እዛው ብራውዘር ላይ ጽፋችሁ ፑል ሪኩዌስት (ለውጤን ተቀበሉኝ የሚል ጥያቄ) ትልካላችሁ። ኮምፒውተራችሁ ላይ ምንም መጫን የለም። ይሄ ለኛ ትልቅ ነገር ነው ምክንያቱም ሬፖው (ፋይሎቹ ሁሉ ያሉበት ማህደር) ከባድ ነው፣ ሙሉውን ክሎን ካደረጋችሁት (ኮምፒውተራችሁ ላይ ካወረዳችሁት) የሞባይል ዳታ ፓኬጃችሁን ይጨርሰዋል። የግድ ክሎን ካደረጋችሁም ትእዛዙ ላይ --depth 1 ጨምሩበት፣ ያለፈውን ታሪክ ሁሉ አያወርድም።

ከላካችሁ በኋላ ቼኮች (አውቶማቲክ ፍተሻዎች) ይሮጣሉ (ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ አንድ የፕሮጀክቱ ሰው እስኪፈቅድ ሊቆም ይችላል፣ አትደንግጡ) ከዛ ቦቱ (በራሱ የሚሰራ ፕሮግራም) ያስተካከላችሁት ገጽ ሲወጣ ምን እንደሚመስል የምታዩበት የፕሪቪው ሊንክ ያስቀምጥላችኋል። የጻፍኩትን አንድ ዓረፍተ ነገር እዛ ላይ ሳየው የተሰማኝን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም።

በጣም የወደድኩት ግን ሪቪው አደራረጋቸውን ነው። እኔ የጻፍኩት በአማርኛ ስናስበው "ዝም ብለህ የአይዲውን ዋጋ ፎር ውስጥ አስገባ" ዓይነት ነበር፣ ጀስት (just) የሚል ቃል ነበረበት። ያየልኝ ሰው አመስግኖ ጀስት የምትለዋን ብቻ አወጣትና ሰጀስሽን (የማስተካከያ ሀሳብ) አድርጎ ላከልኝ፣ ምክንያቱንም ጻፈ፣ ለማያውቅ ሰው "ዝም ብለህ" ስትለው ሲያቅተው ችግሩ ከሱ እንደሆነ ይሰማዋል አለኝ። አንድ በተን ተጭኜ ተቀበልኩት፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ሳስተምርም "ቀላል ነው" ማለት ትቻለሁ። እዛ ሪቪው ከሚያደርጉት ውስጥ ኦፕን ዌብ ዶክስ በሚባለው በፈረንጅ 2021 በተቋቋመው ድርጅት ደሞዝ እየተከፈላቸው የሚሰሩ ጸሀፊዎች አሉ፣ ስራዬ ብሎ የሚያይላችሁ ሰው አለ ማለት ነው።

ይሄ ሁሉም ጋ አይገኝም። ከዚህ በፊት ሌላ ፕሮጀክት ላይ (ስሙ ይቅር) የኢንስታላሽን መመሪያው ላይ ለዊንዶውስ የሚሆነውን ትእዛዝ ጨምሬ ልኬ አራት ወር ማንም ሳያየው ቆይቶ በመጨረሻ ቦት ዘጋው። በጣም ነው የከፋኝ፣ አንድ አመት ያህል ምንም አልላኩም። ስለዚህ ጀማሪ ከሆናችሁ ከመጻፋችሁ በፊት የተዘጉትን ፑል ሪኩዌስቶች ገብታችሁ እዩ፣ ሰው ይመልስላቸዋል ወይ፣ በስንት ቀን፣ በምን ዓይነት አነጋገር ነው የሚያናግሯቸው፣ ከዛ ወስኑ። ጉድ ፈርስት ኢሹ (ለጀማሪ የሚሆን ስራ) የሚል ምልክት መለጠፉ ብቻውን አይበቃም።

እንግሊዝኛ ያስፈራኛል ለምትሉ፣ የአጻጻፍ መመሪያቸው የሚፈልገው አጭርና ግልጽ የሆነ እንግሊዝኛ ነው፣ ስፔሊንጉ የአሜሪካ ይሁን። ከሚያነበውም ውስጥ እንደኛ በትምህርት ቤት የተማረው ብዙ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ላኩ፣ አምስት ገጽ አንድ ላይ አትደባልቁ።

የቀነስኳት ኮከብ የአማርኛዋ ናት። ኤምዲኤን በፈረንሳይኛ፣ በጃፓንኛ፣ በኮሪያኛ፣ በሩሲያኛ፣ በስፓኒሽ ሌላም አለ፣ በአማርኛ የለም፣ አዲስ ቋንቋ ለማስገባት ደግሞ ተከታትሎ የሚይዘው ቋሚ ቡድን ያስፈልጋል። ቢሆንም ጽሁፉ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ላይሰንስ (ሌላው እንዲጠቀምበት በሚሰጥ ፈቃድ) ስለሆነ ምንጩን ከጠቀሳችሁና ትርጉማችሁን በዛው ላይሰንስ ከለቀቃችሁ ማንንም ሳታስፈቅዱ መተርጎም ትችላላችሁ። እኔና ያቺ ተማሪ የፎርሙን ትምህርት ጀምረነዋል፣ ሌብሉ ጋ ያለውን ክፍል እሷ ናት የጻፈችው። ዝርዝሩን ኢትዮፒክ ኒውመሪክ በሚለው የሲኤስኤስ (የገጽ ማሳመሪያ ኮድ) ቫልዩ ስላደረግነው ቁጥሮቹ ፩/ ፪/ ፫/ እያሉ ነው የሚወርዱት።